የመስታወት የዕፅዋት ቤት ልትጎበኙ ስታስቡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት፣ ውስጡ ደግሞ ጫካ የሆነ ቤት በዓለም ላይ በብዙ ትልልቅ ከተሞች አለ። ከመግባታቸው በፊት ሰዎች የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፤ ምን ልልበስ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ልጅ ይዤ ብሄድስ? ከወጡ በኋላ የሚጠይቁት ግን ይበልጥ ደስ ይላል። ሁለቱንም ቀላቅዬ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከግሪንሃውስ በምን ይለያል?

አሠራራቸው ያው ነው። ብርሃን ይገባል፣ ሙቀቱ ታፍኖ ይቀራል። ልዩነቱ ዓላማው ላይ ነው። ግሪንሃውስ ቲማቲም ወይም ችግኝ የሚመረትበት የሥራ ቦታ ነው። የዕፅዋት ቤቱ ግን ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ነው፤ መንገድ አለው፣ መቀመጫ አለው። ተክሎቹም ለሽያጭ ስለማይነቀሉ እዚያው አርጅተው ታገኟቸዋላችሁ። ለንደን በሚገኘው የኪው የዕፅዋት አጸድ ከ1775 ጀምሮ በሳጥን አፈር ውስጥ የሚኖር ሳይካድ የሚባል ዘንባባ መሳይ ተክል አለ። ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ የመጣ ነው፤ በዓለም ካሉት በማሰሮ የሚኖሩ ተክሎች ሁሉ ትልቁ አዛውንት እንደሆነ ይነገርለታል። ግንዱ ከርዝመቱ ብዛት ጋደል ስላለ በብረት ምርኩዝ ተደግፏል።

አብዛኞቹ ቤቶች በክፍል በክፍል የተከፈሉ ናቸው። አንዱ ሞቃትና እርጥብ የጫካ ክፍል ነው፣ ሌላው የበረሃ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ። ፈርን (አበባ የማያወጣ፣ ጥላና እርጥበት የሚወድ ተክል) ወይም ኦርኪድ ለብቻው ክፍል የሚሰጠውም አለ። ሲንጋፖር ላይ ነገሩ ተገልብጧል። እዚያ ውጭው ራሱ ዓመቱን ሙሉ ሙቅ ነው። ስለዚህ በ2012 የተከፈቱት ሁለቱ ግዙፍ የመስታወት ቤቶች ሙቀት ሳይሆን ቅዝቃዜ የሚመረትባቸው ናቸው። አንዱ ውስጥ 35 ሜትር ከፍታ ያለው ሰው ሠራሽ ተራራ ቆሟል፤ ከላዩ ፏፏቴ ይወርዳል፣ ጎኑን ደግሞ የደጋ ጉም የለመዱ ተክሎች ሸፍነውታል።

ስንት ሰዓት ይበቃኛል?

መካከለኛ ለሆነ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል። ለትልልቆቹ ግማሽ ቀን። ሃያ ደቂቃ ውስጥ ዞሮ መውጣትም ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም እሱኑ ነው፤ ከዚያ «ምንም የለውም» ይላል። የእኔ ምክር አንድ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ክፍል ሳትቆሙ እለፉ። ከዚያ አንዱን ምረጡና ተመልሳችሁ ቁጭ በሉበት። ዓይን አረንጓዴውን ከአረንጓዴው ለመለየት ጊዜ ይፈልጋል።

የትኛው ሰዓት፣ የትኛው ወቅት ይሻላል?

የሥራ ቀን ጠዋት፣ ልክ በሩ ሲከፈት። ሰው አይበዛም። አትክልተኞቹም ብዙ ጊዜ ውኃ የሚያጠጡት በማለዳ ስለሆነ ቅጠሉ ገና አልደረቀም፣ የአፈሩ ሽታም አለ። ሙቀት በሚበዛበት ወራት ከሰዓት በኋላ አትግቡ፤ ፀሐይ ያገኘ የመስታወት ቤት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ውስጡ መሆን አያስፈልግም።

ወቅትን በተመለከተ፣ ክረምቱ በረዶ በሆነበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ያለጥርጥር ክረምት ሂዱ። ውጭ ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ቆሞ ውስጥ ሙዝ ሲያፈራ ማየት የሚሰጠው ደስታ በበጋ አይገኝም። ብዙ የኦርኪድ ዝርያዎችም የሚያብቡት ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ የኦርኪድ ትርዒቶች በዚያ ሰሞን የሚበዙት ለዚህ ነው። ደመናማ ቀን ደግሞ አትናቁ። ለፎቶ ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል፤ ጥላው አይቆራረጥም።

ምን ልልበስ?

የሚወልቅ ነገር ደርቡ። የጫካው ክፍል ከ20 ዲግሪ ብዙም አይወርድም፣ ብዙ ጊዜም ወደ 30 ይጠጋል። እርጥበቱ ሲጨመርበት ሹራብ ለብሶ የሚቆይ የለም። ካፖርት ማስቀመጫ ካለ በር ላይ አስረክቡ፤ ከባድ ካፖርት ክንድ ላይ አንጠልጥሎ በጠባብ መንገድ መሄድ ለእናንተም ለተክሉም ጥሩ አይደለም። ጫማው የማያንሸራትት ይሁን። ወለሉ እርጥብ ነው፣ ድንጋዩ ላይ አልጌ የሚባል አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይበቅላል። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ደግሞ ስትዞሩ የሰው ፊትና የተክል ቅርንጫፍ ይመታል። ከፊት አንግቡት።

ካሜራዬ እና መነጽሬ በጭጋግ ተሸፈኑ። ተበላሹ ማለት ነው?

አልተበላሹም። ከውጭ ቀዝቅዞ የመጣ መስታወት እርጥብና ሙቅ አየር ሲነካው ውኃ ያዝልበታል። መነጽሩ በሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠራል። ካሜራው ይቆያል። ዘዴው ካሜራውን ከቦርሳ ሳታወጡ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ማለማመድ ነው። በዚያ መሃል ሌንሱን በሸሚዝ መጥረግ ጭረት ያተርፋል እንጂ ጭጋጉ ተመልሶ ይመጣል። ሌንሱን ነቅላችሁ ለመቀየርም አትሞክሩ፣ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ በረሃው ክፍል ብትገቡ ይቀላል። እዚያ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ካሜራው ሳያልበው ይሞቃል።

ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?

በስልክና በእጅ ካሜራ፣ አዎ፣ ሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል። ትሪፖድ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሰው ያደናቅፋል። የሰርግ፣ የምርቃትና የማስታወቂያ ቀረጻ ደግሞ ቀድሞ ፈቃድና ክፍያ ይፈልጋል። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ይዞ በር ላይ መከራከር ለማንም አይመከርም።

አበባ ባይኖርስ?

ይህ ጥያቄ ነው ደስ የማይለኝ። አበባ ብቻ ፈልጎ የገባ ሰው ግማሹን ቤት ሳያይ ይወጣል። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያብባል፤ ግን ሞቃት ጫካ ማለት ከሁሉ በላይ ቅጠል ነው።

እስቲ ከታች ያሉትን ተክሎች ቅጠል ጫፍ እዩ። ብዙዎቹ እንደ ምላስ ሾልከው ወደ ታች ይወርዳሉ። ዝናብ በማያባራበት ቦታ ውኃ ቅጠል ላይ ከቆየ ሻጋታ ይወልዳል። ሹሉ ጫፍ ውኃውን ጠብ ጠብ አድርጎ ያወርደዋል። አሁን ከቅጠሉ ሥር ገልበጥ ብላችሁ እዩ፣ ሳትነኩ፣ ጎንበስ ብላችሁ። አንዳንዱ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ከሥር ወይን ጠጅ ነው። ሞንስቴራ የሚባለው ቅጠሉ የተበሳሳው ተክል ሕፃን ሳለ ቀዳዳ የለውም። እያደገ፣ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ነው የሚበሳሳው። በአንድ ግንድ ላይ ከታች እስከ ላይ ይህን ለውጥ መከታተል ይቻላል።

ከዚያ ግንዶቹን። ካካዎ አበባውንም ፍሬውንም የሚያወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ሳይሆን ከወፍራሙ ግንድ ላይ ነው። አበባው ከጥፍር አይበልጥም፣ ስለዚህ ጠጋ ብላችሁ ፈልጉት። ቢጫ ወይም ቀይ ፍሬው ደግሞ ግንዱ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ይመስላል። ቫኒላ አጠገቡ እየተጠማዘዘ ስትወጣ ታገኟታላችሁ። ኦርኪድ ናት። ከተፈጥሮ አገሯ ውጭ ፍሬ አልሰጥ ብላ ብዙ ዘመን አስቸግራ ነበር። በ1841 ሬዩኒየን ደሴት ላይ በባርነት ይኖር የነበረ ኤድሞን አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ አበባዋን የማዳቀል ዘዴ አገኘ። የቫኒላ አትክልተኞች እስከ ዛሬ የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው።

ቡናም ፈልጉ። የሌለበት የዕፅዋት ቤት አይገኝም ማለት ይቀላል። በ1706 ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት አጸድ አንድ የቡና ችግኝ ተወሰደ። በመስታወት ቤት ውስጥ አደገ፣ አፈራ። የእሱ ዘር በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለ14ኛው ሉዊ በስጦታ ተላከ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ አህጉር የተስፋፋው ቡና አብዛኛው የዘር ሐረጉ ወደዚያ መስታወት ቤት ይመለሳል።

ያ የሚገማው ግዙፍ አበባ መቼ ነው የሚያብበው?

ታይታን አሩም ማለታችሁ ነው። አገሩ ሱማትራ ነው። መቼ እንደሚያብብ አትክልተኛውም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ዓመታት ይቆይና አንድ ቀን ቡቃያው በፍጥነት መመንደግ ሲጀምር ሁሉም ይሯሯጣል። ከሦስት ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ተከፍቶ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ነው። ሽታው የበሰበሰ ሥጋ ነው፤ በሥጋ ላይ የሚኖሩ ጢንዚዛዎችና ዝንቦች እንዲመጡለት። መሃሉ ላይ የቆመው ዘንግ ደግሞ የሰው ገላን ያህል ይሞቃል፣ ሽታው ራቅ ብሎ እንዲሄድ። ከሱማትራ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበበው በ1889 ኪው ውስጥ ነው።

ምክር ከፈለጋችሁ የቤቱን ማኅበራዊ ገጽ ተከታተሉ፣ «ሊከፈት ነው» ሲባል ማታውኑ ሂዱ። ብዙ ቤቶች ለዚህ ሲሉ እስከ ሌሊት ይከፍታሉ። የሚብሰው ሽታ የመጀመሪያው ሌሊት ነው። በነጋታው የደረሰ ሰው «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል።

ትልልቆቹ የውኃ ቅጠሎችስ?

ቪክቶሪያ ይባላሉ፣ የአማዞን ልጆች ናቸው። ቅጠላቸው ሁለት ሜትር ያልፋል። ጠርዙ ትሪ መስሎ ይታጠፋል። ከላይ ሰላማዊ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን እሾህ ነው፣ ጎድን የመሰለ አጥንትም ተዘርግቶበታል። አበባው በመጀመሪያው ምሽት ነጭ ሆኖ ይከፈታል፣ ይሸታል፣ ጢንዚዛ ይጠራል። ሁለተኛው ምሽት ላይ ሮዝ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ለዚህ ተክል ስትሉ ማለዳ ሳይሆን ወደ ማምሻው ሂዱ፣ ቤቱ ማታ የሚከፍት ከሆነ። እንግሊዝ አገር በ1849 ይህ ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያብብ ያደረገው አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ትንሿን ልጁን ቅጠሉ ላይ አቁሞ ጥንካሬውን አሳይቷል። ይኸው ሰው በ1851 ለለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ከመስታወትና ከብረት የተሠራውን የክሪስታል ቤተ መንግሥት ነደፈ። እናንተ ግን ልጃችሁን አታቁሙ።

መንካት እችላለሁ?

አትችሉም። «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለው ሰው በቀን ስንት ነው? ስትነካ ቅጠሏን የምታጥፈው ሚሞዛ ደቂቃዎች ቆይታ መልሳ ትከፍታለች፣ ግን ጉልበት ታጠፋለች። ቀኑን ሙሉ የሚነካኳት ከሆነ ትደክማለች። ዝንብ የምትይዘው ቬነስ ፍላይትራፕ ይባስ ነው። ወጥመዷ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለቴ ከተነኩ ይዘጋል። ወጥመዱ መዝጋት የሚችለው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ይሞታል። በጣታችሁ ካዘጋችሁት ምግብ ሳታገኝ አንዱን ዕድል አቃጠላችሁባት።

አንዳንድ ቤቶች ቅጠል የሚዳሰስበትና የሚሸተትበት ልዩ ቦታ አላቸው። እዚያ እንደልባችሁ።

ልጆች ይዤ ብመጣስ?

ይምጡ፣ ይወዱታል። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። የልጅ ጋሪ በየክፍሉ ላይገባ ይችላል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ኩሬ ዳር አጥር ላይኖር ይችላል። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ምንም ነገር አፋቸው ውስጥ አይግባ። ዲፈንባኪያ በየቤቱ ሳሎን የምናውቀው ተክል ነው፤ ቅጠሉ ሲታኘክ መርፌ የመሰሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ምላስና ጉሮሮ ይወጋሉ፣ ያብጣል። ልጁን ሥራ ስጡት። «ከጭንቅላትህ የሚበልጥ ቅጠል ስንት አለ?» በሉት። እየቆጠረ ይውላል።

በረሃው ክፍል ያለው ሁሉ ካክተስ ነው?

አይደለም፣ ይሄን ማጣራት ከጉብኝቱ ጨዋታዎች አንዱ ነው። ካክተስ ከአንድ ዝርያ በቀር የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ቁልቋል ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ በብዛት አለ። ዝምድና ሳይኖራቸው ተመሳስለዋል፣ ሁለቱም ድርቅን የተቋቋሙት በአንድ ዓይነት መላ ስለሆነ። መለያው እሾሁ ነው። የካክተስ እሾህ የሚወጣው ጥጥ ከመሰለች ትንሽ ትራስ ላይ በእቅፍ በእቅፍ ሆኖ ነው። ቁልቋል ያቺ ትራስ የለችውም፣ እሾሁም ብዙ ጊዜ ጥንድ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል፤ ወተቱ ዓይን ከገባ አደገኛ ነው። በለስ የሚያፈራው ካክተስ አጠገብ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ትልልቁ እሾህ አይደለም የሚያስቸግረው፤ በዓይን የማይታየው ፀጉር ነው።

አጋቬም እዚያው ታገኛላችሁ። ለዓመታት ጠብቃ አንድ ጊዜ አብባ ትሞታለች። የአበባው ዘንግ ጣሪያ ሲነካ መስታወት የሚነቀልላት ጊዜም አለ።

ታፔላው ላይ ያለውን እንዴት ላንብበው?

በዘመም ፊደል የተጻፉት ሁለት ቃላት ሳይንሳዊ ስሙ ናቸው፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ። ከዚያ ቤተሰቡና የመጣበት አገር ይከተላል። ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር ግን ማንም አያየውም። እሱ የተክሉ የመዝገብ ቁጥር ነው። ብዙ አጸዶች ዘንድ መጀመሪያው ላይ ተክሉ የገባበት ዓመት ስላለ ዕድሜውን መገመት ትችላላችሁ።

ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠሉት ትንንሽ የወረቀት ከረጢቶች ምንድን ናቸው?

ቆሻሻ አይደሉም፣ አታውርዷቸው። ውስጣቸው በዓይን በጭንቅ የሚታዩ፣ የሸረሪት ዘመድ የሆኑ ማይት የሚባሉ ጥቃቅን አዳኞች አሉ፤ ቀስ በቀስ እየወጡ ተክሉን የሚመጥጡትን ተባዮች ይበላሉ። ሰው በሚተላለፍበት ዝግ ቤት ውስጥ መርዝ መርጨት ስለማይመች ብዙ ቤቶች ነፍሳትን በነፍሳት ይዋጋሉ። ግንዱ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። አጠገቡ ደግሞ የባሰ ጥጥ የለበሰ፣ የሚንቀሳቀስ ትል ካገኛችሁ እሱ ወገን ነው፤ ተባዩን የሚበላ የጢንዚዛ እጭ ነው፣ መስሎ ገብቶ ይበላል።

የወደቀ ዘር ወይም ቅርንጫፍ ብወስድ ማን ይጎዳል?

ብዙ ነገር ይጎዳል። ኦርኪድ፣ ሳይካድና ካክተስ አብዛኞቹ ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይጠበቃሉ፤ ያለ ወረቀት ድንበር አያልፉም። በዚያ ላይ ተባይ ቤታችሁ ይዛችሁ ትገባላችሁ። በጥር 2014 ከኪው አንድ ተክል ተሰረቀ። የዓለም ትንሿ የውኃ አበባ ነበረች፣ ቅጠሏ የሳንቲም ያህል። ከተገኘችበት ከሩዋንዳ ፍል ውኃ ዳር ጠፍታ ነበር፤ ከዘር ማሳደግ የተቻለውም በብዙ ሙከራ በ2009 ነው። አንድ ሰው ኪሱ ከቷት ሄደ።

በሐቀኝነት የሚገኝ መንገድ አለ። ብዙዎቹ አጸዶች በዓመት የተወሰኑ ቀናት የተረፈ ችግኝ ይሸጣሉ።

ዊልቸር ወይም አስም ላለው ሰው ይሆናል?

ምድር ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሆናል። ከላይ የሚዞረው ሰገነት ግን በድሮዎቹ ቤቶች በጠመዝማዛ ደረጃ ብቻ የሚወጣ ነው። ሰገነቱ ደግሞ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ ነው፣ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ። የልብ ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው ከበረሃውና ከቀዝቃዛው ክፍል ይጀምር፣ እርጥቡን በአጭሩ ይየው። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ኪስ ውስጥ ይሁን።

ምግብ፣ ውሻ?

ውኃ ብቻ። ፍርፋሪ አይጥና በረሮ ይጠራል። ውሻ አይገባም፤ የዓይነ ስውራን መሪ ውሻ ይገባል።

ለምንድን ነው ተዘግቷል የሚባለው?

መስታወት ስለሆነ። ቺካጎ የሚገኘው ጋርፊልድ ፓርክ በ1908 የተከፈተ ቤት ነው፤ በሰኔ 2011 የበረዶ ዝናብ ጣሪያውን አርግፎበት ፈርኖቹ ላይ ስባሪ ዘነበ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ቤት በ1995 ነፋስ መትቶት እስከ 2003 ተዘግቶ ቆየ። ማዕበል ባይመጣም ብረቱ በእርጥበት ይዝጋል። የኪው ትልቁ ቤት ለአምስት ዓመት ተዘግቶ 15,000 መስታወት ተቀይሮለት በ2018 ነው የተከፈተው። ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ቀን ለጥንቃቄ ሊዘጉ ይችላሉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ።

እዚያ እንዲህ ያማረው ተክል ቤቴ ውስጥ ለምን ይጠወልጋል?

ብርሃኑና እርጥበቱ ነው። ለዓይናችን ሳሎን ብሩህ ነው፤ ከመስታወት ጣሪያ ጋር ሲነጻጸር ግን ለተክሉ ድንግዝግዝ ነው። ማሰሮዎቹን ወደ መስኮት አምጡ፣ አንድ ላይ ሰብስቡ፤ ተክሎች ተቀራርበው ሲቆሙ በመሃላቸው ያለው አየር ይረጥባል። ውኃ ከመጨመራችሁ በፊት ጣታችሁን አፈር ውስጥ አስገቡ። አብዛኛው የቤት ተክል የሚሞተው በጥማት ሳይሆን ውኃ በዝቶበት ነው።

በጣም እርጥበት የሚፈልግ ፈርን ካላችሁ ደግሞ ክዳን ያለው ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ትከሉት። ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም በ1829 የእሳት ራት ሙሽሬ ሊያስፈለፍል በዘጋው ጠርሙስ ውስጥ ፈርን በቅሎ አገኘ፤ የእሱ ሳጥን ከዚያ በኋላ ተክልን ባሕር አሻግሯል። ማሰሮውን ከቀጥታ ፀሐይ አርቁት። መስታወቱ ከውስጥ ቀኑን ሙሉ ካላበው ክዳኑን ለጥቂት ሰዓት ክፈቱለት።